ከክረምቱ በፊት የትኛው መንገድ ይቅደም? የጅማ ገጠር መንገዶች የሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ

የዘንድሮው ሥራ ተጀመረ። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገቡ የጠጠር መንገዶች አሉ። እነሱን ጫፍ እስከ ጫፍ አይተን፣ ዝናቡ ሳይጠነክር የትኛው ቀድሞ መጠገን እንዳለበት ማውጣት ነው የኛ ሥራ። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። ግሬደሩም በተራ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ አንደኛ መሆንና አምስተኛ መሆን በጣም ይለያያል። አምስተኛው ብዙ ጊዜ ሳይነካ ክረምቱ ይገባል።

ከነዚህ መንገዶች አብዛኞቹ የተከፈቱት በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነው፤ ሁሉም ሰው «ዩራፕ» የሚለው። የታሰበው እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። ከተከፈቱ በኋላ ግን በየዓመቱ የሚያያቸው ሰው ይፈልጋሉ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። ከመጋቢት ይጀምራል፣ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ይብሳል፣ አንዳንዴ ጥቅምትንም ይነካል። ጠጠር መንገድ ይህን ሁሉ ውሃ የሚችለው ውሃው በላዩ ካልተኛ ብቻ ነው።

ባልደረባዬ እና እኔ ይዘን የምንዞረው ብዙ ዕቃ አይደለም። 2 ሜትር ጣውላ፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ዲጅኖ፣ አንድ ጄሪካን ውሃ፣ ቦታ የሚመዘግብ ስልክ፣ ቅጽ። ከመሥሪያ ቤት መኪና ስናገኝ በመኪና እንሄዳለን። ሳናገኝ በሞተር። ወንዝና ረግረግ ያለበትን ግን ሆን ብለን በእግር ነው የምንሄደው። ከመኪና ውስጥ ሆኖ የሚታየው የመንገዱ ገጽ ብቻ ነው። የጎን ቦዩና ውሃን በመንገዱ ሥር የሚያሻግረው ቱቦ አፍ የሚታየው ወርዶ ላየው ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ቅጹን አቃለልነው። ደቡብ አፍሪካውያን የመንገድ ባለሙያዎች የጠጠር መንገድን ሲገመግሙ ለእያንዳንዱ ጉዳት ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ። አንዱ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ ነው፣ ሌላው ምን ያህሉን መንገድ ይዟል፤ ሁለቱም ከ1 እስከ 5። እኛም ይህንኑ ወሰድን፤ ሁለቱን መለየት በጣም ይጠቅማል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያለ ነገር ግን መኪና የሚያቆም ማጥ፣ ከባድ ነው ግን ጠባብ ነው። አስር ኪሎ ሜትር ሙሉ ያለ ቀላል ሽብሽብ (እንደ ሞገድ የሚደጋገም ጎርባጣ) ደግሞ ሰፊ ነው ግን ቀላል። ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቆ «መጥፎ» የሚል ፎርም ሥራውን ያበላሸዋል።

ለመንገዱ ገጽ የምንጽፋቸው ሽብሽብ፣ ጉድጓድ፣ የጎማ ፈር፣ ውሃ የቆረጠው ቦረቦር፣ የወጣ ድንጋይና የላላ ጠጠር ናቸው። ከነዚህ በላይ ግን ሦስት ነገሮችን ለብቻ እንጽፋለን፦ የመንገዱ ጀርባ ቅርጽ (ከመሃል ወደ ጎን ማዘንበሉ)፣ የቀረው ጠጠር ውፍረት፣ የውሃ መውጫው ሁኔታ። ለኔ ከፎርሙ ውስጥ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ጥር

የመጀመሪያው የሸንተረሩ መንገድ ነበር። (መንገዶቹን በዚህ ማስታወሻ ላይ በሚመስሉት እጠራቸዋለሁ።) በኮረብታው ወገብ እየዞረ በቡና ጥላ ሥር የሚሄድ ቀይ አፈር መንገድ ነው። ማንም ስለሱ አቤቱታ አቅርቦ አያውቅም። መኪና በደንብ ይሄዳል። ሹፌሮቹም «እሱማ አስፋልት በለው» ይሉናል።

ጣውላውን ከመሃል ወደ ጠርዝ አጋደምነው። ውሃ ልኩ እስኪስተካከል የጠርዙን ጫፍ ከፍ አድርገን በሥሩ ያለውን ክፍተት በሜትር ለካን። መንገዱ ከመሃሉ ወደ ጎን ከ4 እስከ 6 በመቶ ማዘንበል አለበት፤ በ2 ሜትር ጣውላ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እዚህ 3 ሴንቲ ሜትር ነው ያገኘነው። ትንሽ አልፈን 4። ከዚያ አንድ ቦታ ጣውላው ጭራሽ ወደ መሃል አዘነበለ። በዓይን ሲታይ ለጥ ያለ ቆንጆ መንገድ ነው። ክረምት ሲመጣ ግን ውሃው ወደ ቦዩ የሚወርድበት ምክንያት የለውም። መሃል ለመሃል በጎማ ፈሩ ይሄዳል።

ወደ ጠርዙ ሄድን። ካለፈው የግሬደር ሥራ የቀረ አፈር በመንገዱና በቦዩ መሃል ተራራ ሠርቷል። ትልቅ አይደለም፣ ቁመቱ የእጅ ስንዝር ያህል ነው። ሣር በቅሎበት ጠንክሯል። ውሃ ከመንገዱ ሊወጣ ሲል ያንን ያገኝና ጠርዙን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። የጎን ቦዩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ባዶውን ተቀምጧል፤ ውሃው ግን የራሱን አዲስ ቦይ መንገዱ ላይ እየቆፈረ ነው።

በዲጅኖ አንድ ጉድጓድ ከፈትን። እንዲህ ያለ መንገድ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ገረጋንቲ፣ ጠጠርና አፈር የተደባለቀበት ማልበሻ፣ ይለብሳል። እዚህ ገና ደህና ጠጠር አለ፣ ከግማሽ በላይ። ይህ ትልቅ ዜና ነው። ጠጠሩ ገና ያለበት መንገድ በአካፋና በዶማ ይድናል። ጠጠሩ ካለቀ በኋላ ግን ገረጋንቲ ማምጣት፣ ማልበስ፣ ውሃ ማጠጣት፣ በሮለር መዳመጥ ይመጣል። የገንዘቡ ልዩነት የትየለሌ ነው። ቅጹ ላይ ከታች «አሁን ጥሩ፣ በአንድ ክረምት የሚበላሽ» ብዬ ጻፍኩና በቀይ አሰመርኩበት።

ጥር አጋማሽ

የማጠቢያው መንገድ። እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ያሉበት ነው። ጩኸቱ ከሁሉም የበዛው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም መኪና የሚበዛበት ይህ ነው። ሽብሽቡ እውነትም ያማርራል። አንድ የአይሱዙ ሹፌር አቁሞ «ወንድሜ፣ ጎማና ሞላ እየገዛሁ ነው የምኖረው፤ እናንተ ትለካላችሁ፣ እኔ እከፍላለሁ» አለን። ልክ ነው። የምሬቱን ያህል ቅጹ ላይ ሽብሽብ ክብደት 4፣ ስፋት 5 ገባ።

ከመንገዱ ትንሽ ገረጋንቲ ወስጄ ድንጋዩን ለቅሜ አወጣሁ። የቀረውን ደቃቅ በጄሪካኑ ውሃ አራስኩና መዳፌ ላይ እንደ ክር ለማሽከርከር ሞከርኩ። ጥሩ ሸክላ ያለበት አፈር 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ሳይበጣጠስ ይሽከረከራል። ይህ ግን ገና ወፍራም ሳለ ይፈራርሳል። የሚያያይዘው ነገር አልቋል፤ በበጋው አቧራ ሆኖ ቡናው ቅጠል ላይ አርፏል። ሽብሽብ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ጠጠሩ ሲላላ ጎማ እየገፋ ይከምረዋል፣ በየቀኑ እዚያው ላይ ይነጥራል፣ ክምሩ ያድጋል። ሸክላ ሲበዛ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ በበጋ ድንቅ፣ በክረምት ሳሙና።

ግን አንድ ነገር አስተዋልን። ይህ መንገድ ባለፈው ክረምትም አልተዘጋም። ጀርባው ቅርጹን ይዟል፤ ቱቦዎቹ ክፍት ናቸው። መኪና ያንገላታል እንጂ አያስቀርም።

ጥር መጨረሻ

የረግረጉ መንገድ። ኮትቻ ነው፣ ጥቁር አፈር። አሁን በበጋው መሬቱ ተሰነጣጥቆ ዲጅኖ የሚውጥ ስንጥቅ አለው። ሲዘንብ ይህ ሁሉ ያብጥና ይዘጋል፤ ጉልበቱ ደግሞ ይጠፋል። ጠጠሩ ከላይ ቢለብስም ሥሩ ስለሚለሰልስ ጠጠሩ ወደ ታች ይሰምጣል። በዲጅኖ ስንከፍተው የታችኛው ድንጋይ ከጭቃው ጋር ተደባልቆ ነው ያገኘነው።

ሁሉም ሰው «በጣም የተበላሸው መንገድ» የሚለው ይህን ነው፤ እውነት ነው። ክረምት ላይ አይሱዙ ቆሞ ያደረበት፣ ባጃጅ በሰው ትከሻ ያለፈበት ነው። ሙሉውን ሄድንበት። ስንጨርስ ስልኩ ላይ የመዘገብነውን ካርታ ስናይ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። መኪና የሚያስቀረው ሙሉው መንገድ አይደለም። ጉዳቱ ከባድ የሆነው ሁለት ቦታ ነው፤ ሁለቱም ውሃው የሚተኛበት ዝቅተኛው ቦታ ላይ። ቀሪው ይጨቀያል፣ ያዘገያል፣ ግን ያሳልፋል።

ሙሉውን ለመሥራት ብናስብ የዘንድሮው ገንዘብ ብቻውን ይበላዋል። ሁለቱን ቦታ ከፍ አድርገን በድንጋይ ሞልተን ውሃውን ብናሻግር ግን የሚቻል ነገር ነው።

የካቲት

የወንዙ መንገድ። ከሁሉም ዝም ያለው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ አንድ ጅረት በቱቦ ያሻግርና ከወዲያ ያለችውን ትንሽ ቀበሌ ያገናኛል። መንገዱ ላይ ሆኖ ምንም አይታይም። ጠጠር አለው፣ ጉድጓድ የለውም። ወደ ጅረቱ ወርጄ የቱቦውን መውጫ ሳይ ደነገጥኩ። ውሃው ከቱቦው ወደ ታች እየተወረወረ ከሥሩ አፈሩን በልቶታል። የቱቦውን ጫፍ የያዘው ግንብ እግር አየር ላይ ነው። እጄን ከሥሩ አስገብቼ እስከ ክርኔ ሄደ። የላይኛው በኩል ደግሞ የቱቦው አፍ ግማሹ በደለልና በቡና ቅርንጫፍ ተዘግቷል።

አንድ ሽማግሌ በቅሎ ይዘው ሲያልፉ አገኘናቸው። «ሀጂ፣ ነሐሴ ላይ ውሃው እስከየት ይደርሳል?» ብለን በኦሮምኛ ጠየቅን። ወደ ዳር ያለውን ዋንዛ ይዘውን ሄዱ፤ ከግንዱ ላይ ጭቃ የነካውን መስመር በዱላቸው አሳዩን። «እዚህ። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ እዚህ» ብለው ዱላውን ከፍ አደረጉ። የላይኛው መስመር ከመንገዱ በላይ ነው። ውሃው ያን ጊዜ መንገዱን ዘሎ ነው የሄደው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከቢሮ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ምልክቱን ለካን፣ ፎቶ አነሳን።

ከወዲያ ያለችው ቀበሌ ጤና ኬላ ሄድን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን «እህቴ፣ መንገዱ ቢቆረጥ በየት ትሄዳላችሁ?» አልናት። ሳታመነታ መለሰች፦ «በየትም። በቃሬዛ ጅረቱ እስኪጎድል መጠበቅ ነው። ወላድ ደግሞ አይጠብቅም።» ከጤና ጣቢያው የሚመጣው አምቡላንስ ሌላ መንገድ የለውም። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ጻፍኩ። ሌላ አማራጭ መንገድ፦ የለም። ካልተነካ፦ በዚህ ክረምት ይቆረጣል።

የካቲት መጨረሻ

አሁን ከባዱ፣ ማስቀደሙ። ነጥብ ደምረን ዝርዝር አወጣን፣ ዝርዝሩን አይተን ደግሞ ተከራከርን።

የተለመደው አሠራር አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የትኛው ነው በጣም የተበላሸው? ያንን የጠየቀ ሰው በየዓመቱ ረግረጉን ይሠራል። በየዓመቱም ደህና የነበሩት ተራቸውን ጠብቀው ይበላሻሉ። እኔ የያዝኩት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዘንድሮ ካልነካነው በጥቅምት ምን ሆኖ እናገኘዋለን? በዚህ ሲታይ የማጠቢያው መንገድ በጥቅምትም እንዳሁኑ የሚያንገጫግጭ ይሆናል። የሸንተረሩ መንገድ ግን ጠጠሩን አጥቶ ይጠብቀናል። የወንዙ ደግሞ የለም።

ከዚያ የሕዝብ ቁጥር መጣ። የዓለም ባንክ የገጠር ተደራሽነትን ሲለካ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖረውን ሕዝብ ይቆጥራል። እኛም የየመንገዱን ሕዝብ በዚሁ ርቀት ከቀበሌ መዝገብ ሰበሰብን። ወጪን ለሕዝብ ቁጥር ስናካፍል የማጠቢያው መንገድ አንደኛ ወጣ። የወንዙ መንገድ መጨረሻ። እዚህ ላይ ነው ከባልደረባዬ ጋር አንድ ከሰዓት ሙሉ የተነጋገርነው። ቁጥሩ አልዋሸም። ግን በዚህ አሠራር ዳር ያለች ትንሽ ቀበሌ ዘንድሮም፣ ከርሞም፣ ከዚያ ወዲያም መጨረሻ ናት። ተራዋ የሚደርስበት ቀን የለም።

ስለዚህ ደንቡን በሁለት ደረጃ አደረግነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ቀበሌ ቢያንስ አንድ የማይቆረጥ መውጫ ይኑረው። ይህ ከሕዝብ ብዛት ጋር አይወዳደርም። ያ ከተረጋገጠ በኋላ በቀረው ገንዘብ ወጪና የሚጠቀመው ሕዝብ ይመዘን። የተመላላሹ ብዛትም በሁለተኛው ደረጃ ገባ፤ መኪና ብቻ ሳይሆን ጋሪ፣ የጭነት አህያና በእግር የሚሄደውም። በገበያ ቀንና በተራ ቀን ቆመን ቆጥረናል፤ በብዙዎቹ መንገዶች ከመኪናው እግረኛው ይበልጣል።

በዚህ መሠረት አንደኛ የወንዙ ቱቦ፣ ሁለተኛ የሸንተረሩ ቦይና መውጫ፣ ሦስተኛ የረግረጉ ሁለት ቦታዎች፣ አራተኛ የማጠቢያው መንገድ በግሬደር። የቀሩት በመደበኛ ጥገና ቦያቸው ይጠረግ።

መጋቢት

ዝርዝሩ ባቀረብንበት ስብሰባ ላይ ብዙ ጥያቄ ገጠመው። «ማንም ያላለቀሰበትን መንገድ አንደኛ ታደርጋላችሁ?» የሚል ነበር ዋናው። ፎቶዎቹ ረዱን። እጄ ከግንቡ ሥር እስከ ክርኔ የገባበትን ፎቶ ሲያዩ ክርክሩ ረገበ። የዋንዛው ግንድ ላይ ያለው መስመርም እንደዚሁ። ለወደፊት እንዲህ ያለ ሥራ ለሚሠራ የምለው ይህን ነው፦ ነጥቡን ከመናገራችሁ በፊት ፎቶውን አሳዩ።

ስለማጠቢያው መንገድ የተነሣው ቅሬታ ግን ተገቢ ነበር፤ ቀላል አላደረግነውም። ቀይ እሸት ቡና ከዛፍ ከወረደ በኋላ በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት። ካልሆነ ከረጢት ውስጥ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ለቀማው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። የመንገዱ መዘግየት ገበሬውን ኪሱ ድረስ ይነካዋል። የያዝነው ስምምነት የጊዜ ነው፦ ግሬደሩ እዚያ የሚገባው አሁን በደረቁ ሳይሆን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ መሬቱ ገና ርጥብ ሳለ፣ ከለቀማው በፊት። መንገዱ ደረቅ ሳለ የተጠገነ ሽብሽብ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ገንዘቡ አቧራ ሆኖ ይቀራል።

መጋቢት መጨረሻ

የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። የሸንተረሩን ሥራ ጀመርን። ማሽን የለም፤ አካፋ፣ ዶማና የሰው ጉልበት። የቀበሌው ሰው በሰፈር በሰፈር ተከፋፍሎ ወጣ። መጀመሪያ ያንን የሣር ተራራ ማንሣት። ከዚያ የጎን ቦዩን መጥረግ። ከዚያ የውሃ መውጫዎችን መክፈት። መሬቱ በራሰ ጊዜ ዶማ ይገባል፤ በጥር ቢሆን ድንጋይ ነበር።

ቁልቁለቱ በበረታበት ቦታ ቦዩ ውስጥ ውሃውን የሚያዘገይ ትንንሽ የድንጋይ እርከን ሠራን። 10 በመቶ የሚያዘቀዝቅ ቦይ ላይ በየ5 ሜትሩ ገደማ ያስፈልጋል፤ ቁልቁለቱ ሲቀንስ ርቀቱ ይሰፋል። እርከኑ መሃሉ ዝቅ ማለት አለበት። መሃሉ ከፍ ካለ ውሃው በጎን ዞሮ ቦዩን ያሰፋል፣ መንገዱን ይበላል።

የውሃ መውጫ የሚወርድበት ቦታ ላይ ግን ሥራው ቆመ። የቡና ማሳው ባለቤት የሆኑ እናት መጥተው «ውሃውን ከመንገዱ አውጥታችሁ እኔ ላይ ልትለቁት ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። መንገዱን ያዳነ ውሃ ማሳ ካጠፋ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ማታ መጥተው መውጫውን ይደፍኑታል፤ በሌሎች መንገዶች የተደፈኑት ብዙዎቹ እንዲህ ነው የተደፈኑት። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። አንድ ትልቅ መውጫ ከማድረግ ሦስት ትንንሽ እናድርግ፣ እያንዳንዱ ጥቂት ውሃ ብቻ ይዞ ሣር ያለበት ድንበር ላይ ይውጣ፣ አፉ ላይም ድንጋይ ይነጠፍ አልን። እሳቸው ራሳቸው ሦስቱን ቦታ በእግራቸው እየረገጡ አሳዩን። መሬቱን ከኛ በላይ ያውቁታል።

ሚያዝያ

የወንዙ ቱቦ። የላይኛው አፍ ተጠረገ። ከመውጫው ሥር የተበላውን በድንጋይ ሞልተን፣ ከፊቱ በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ፣ ጋቢዮን፣ አነጠፍን፤ የሚወረወረው ውሃ አፈር ሳይሆን ድንጋይ ላይ እንዲወድቅ። የግንቡ እግር በሲሚንቶ ተያዘ። ውሃው ከቱቦው አቅም ሲያልፍና መንገዱን ሲዘል በየት ይለፍ የሚለውንም አሰብን። ከቱቦው ፈንጠር ብሎ መንገዱን ትንሽ ዝቅ አድርገን በድንጋይ አነጠፍነው፤ ዋንዛው ላይ እንዳየነው ያለ ጎርፍ ቢመጣ እዚያ ላይ ይለፍ፣ ቱቦውን ይተውልን።

ድንጋዩ ከቅርብ ተገኘ። ሽቦው ዘገየ። ስለ ዕቃ ግዢው ብዙ አልጽፍም፤ የሚያናድድ ነገር ነው፤ ደርሷል።

ግንቦት

ረግረጉ። ሁለቱን ቦታ ለየብቻ ሠራን። ዋናው ነገር ከዙሪያው መሬት ከፍ ማድረጉ ነው። ኮትቻውን ነክተን ቆፍረን ለማውጣት አልሞከርንም፤ ሲቆፈር ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው የሚሆነው። በላዩ ትልልቅ ድንጋይ፣ በሱ ላይ ገረጋንቲ። ግራና ቀኝ ውሃው እኩል እንዲሆን ሁለት ቱቦ በሥሩ አሳለፍን። አንድ በኩል ውሃ ተኝቶ ሌላው በኩል ደረቅ ከሆነ መንገዱ ግድብ ሆኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው ቦታ ሳይዳመጥ ዝናብ ያዘው። ሮለሩ ወደ ሌላ ቦታ ተጠርቶ ስለነበር ላዩን በከባድ መኪና ጎማ አስረግጠን አሳለፍነው። ጥሩ አልሆነም፤ ለክረምቱ ግን ይበቃል።

ሐምሌ

ዝናብ እየዘነበ መዞር የግምገማው ምርጥ ጊዜ ነው። ሰው በጸሐይ መንገድ ያያል፤ ውሃው ግን የት እንደሚሄድ የሚናገረው ሲሄድ ነው። ጃንጥላ ይዘን የሸንተረሩን መንገድ ተጓዝን። ሦስቱም መውጫዎች ይሠራሉ። አንደኛው ጋ ቅርንጫፍ ተጋድሞበት ቆመን አነሣን። አንድ መውጫ ከላይ ያስፈልጋል፤ ባልጠበቅነው ቦታ ከኮረብታው የሚወርድ ውሃ መንገዱን እያቋረጠ ነው። ቦታው ተመዘገበ።

ከቀበሌዎቹ ጋር ተስማምተን ከባድ ዝናብ ካቆመ በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ለጭነት መኪና መንገዱን በገመድ መዝጋት ጀምረናል። አምቡላንስና ሞተር ያልፋል። ውሃ የጠጣ መንገድ ላይ አንድ የተጫነ ሲኖ ትራክ የሚያወጣው የጎማ ፈር ለክረምቱ ሙሉ ውሃ ይይዛል። የሚከፋቸው ሹፌሮች አሉ። ግን ጥቂት ሰዓት ነው።

ነሐሴ

የወንዙ ቱቦ ትልቅ ጎርፍ አየ። የቀበሌው ሰው ስልክ ደውሎ «ድንጋዩ ላይ አለፈ» አለን። ዝቅ ያደረግነው ቦታ ላይ ነው ያለፈው። ሄደን ስናየው ጋቢዮኑ ቦታው ላይ አለ፤ ከጎኑ ግን በአንድ በኩል አፈር ተበልቷል። ክንፉ አጭር ነው፤ ሌላ ሁለት ሜትር ይፈልጋል። ለዚህ ክረምት ድንጋይ ሞላንበት።

መስከረም መጨረሻ

ግሬደሩ መጣ። ማጠቢያው መንገድ ላይ ገባ። ከኦፕሬተሩ ጋር ከመጀመሩ በፊት ተነጋገርን፦ ሽብሽቡን ከላይ መላጨት ሳይሆን እስከ ሥሩ ድረስ መቁረጥ፣ ከዚያ ማደባለቅ፣ መመለስ፣ ጀርባውን ማውጣት። በመጨረሻም ጠርዙ ላይ የቀረ አፈር እንዳይኖር። ኦፕሬተሩ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ጣውላችንን ይዘን ከኋላው ሄድን፤ 9፣ 10፣ 11 ሴንቲ ሜትር። ሸክላው ባነሰበት ክፍል ከቅርብ ካለ ጉድጓድ የተወሰደ ቀይ አፈር ደባለቅንበት። በሮለር ተዳመጠ።

ጥቅምት

እሸት ቡና እየገባ ነው። ያው የአይሱዙ ሹፌር መኪናውን አቁሞ «አሁን በሁለተኛ ማርሽ አይደለም የምሄደው» አለን። ደስ አለን። በፍጥነቱ ግን መጠንቀቅ አለበት፤ ሽብሽቡን መልሶ የሚያመጣው የሱ ፍጥነት ነው፤ ይህንንም ነገርነው።

ረግረጉ ላይ የተሠሩት ሁለት ቦታዎች ክረምቱን አሳልፈዋል። ያልተዳመጠው ሰምጧል፣ ግን መኪና አላስቀረም። በሁለቱ መሃል ያለው ሌላ ቦታ ግን ተባብሷል፤ ከበፊቱ ከባድ መኪና ስለሚደፍር ነው። ይህን ባንጠብቅም ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መንገድ ሲሻል ጭነቱ ይመጣል። ለሚቀጥለው ዓመት ሲገመገም ያለፈውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን መኪናም መቁጠር አለብን።

ኅዳር

የከርሞውን ዝርዝር ከወዲሁ ጀመርነው፤ በጸሐይ የማይታየውን በክረምት መዝግበነዋልና። አንደኛ የወንዙ ቱቦ ክንፍ ይረዝማል። ሁለተኛ የሸንተረሩ አራተኛ መውጫ። ሦስተኛ የረግረጉ መሃለኛ ቦታ። ማጠቢያው መንገድ ከርሞ ግሬደር አይፈልግም፤ በመጋቢት ቦዩ ይጠረጋል።

ከአጋሮ በኩል ያሉ ያላየናቸው መንገዶች ደግሞ አሉ። ጣውላውን፣ ውሃ ልኩን እና ጄሪካኑን ይዘን ታኅሣሥ ሲገባ በነሱ እንጀምራለን። ቅጹ ላይም አንድ ዓምድ ጨምረናል፦ «ባለፈው ክረምት ውሃው የት ደረሰ፣ ማን ነገረን»።